ያልደረሰውን ስለት ይዤ ወደ ናይሮቢ

ማክሰኞ፣ ከአዲስ አበባ መነሳት

ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተራ ስደርስ የያዝኩት አንድ ሻንጣና ከቁመቴ የሚበልጥ፣ በነጭ አቡጄዲ የተጠቀለለ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነበር። ረዳቱ ገና ከሩቅ ሲያየኝ "እማማ፣ ይሄ ጣሪያ ላይ ነው የሚወጣው" አለ። "ጣሪያ ላይ አንተ ውጣ!" አልኩት። የሚካኤል ስለት ነው፤ ከጆንያና ከጀሪካን ጋር አይታሰርም። ትንሽ ተጨቃጨቅንና በመጨረሻ ከሹፌሩ ኋላ፣ ከእኔ ወንበር ጎን ቆሞ እንዲሄድ ተስማማን።

ሥራዬ የካህናት ልብስና ጥላ መስፋት ነው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሰው ስለት ስሰፋ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። ተስሎ የደረሰለት ሰው ወደ እኔ ይመጣል፤ ከፋዩን ይመርጣል፣ ዘርፉን ይመርጣል፣ ጠርዙ ላይ የሚጠለፈውን ጽሑፍ ይነግረኛል። ልጅ የወለደች አለች፣ ከእስር የተፈታ አለ፣ ከበሽታ የዳነ አለ። እኔ ዘንድ የሚመጣው ደስ ያለው ሰው ስለሆነ ሥራዬን እወደዋለሁ።

ይሄኛው ጥላ የታናሽ እህቴ የአስናቀች ነው። አስናቀች ከባሏ ከግርማና ከልጃቸው ከሩት ጋር ናይሮቢ ነው የምትኖረው፤ አሥራ አምስት ዓመት አልፏታል። እሷ ሁርሊንግሃም በሚባል ሰፈር የኛ ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ትሠራለች፤ ግርማ ደግሞ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ከአራት ወር በፊት ከባድ ጭነት እግሩ ላይ ወደቀበት። አስናቀች ያን ዕለት ደውላ "በእግሩ ቆሞ ካየሁት ለሚካኤል ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስያለሁ" አለችኝ፤ አብረን በስልክ አለቀስን። ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር መልሷ "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብቻ ሆነ። ከሦስት ሳምንት በፊት ራሷ ደወለች። "እትዬ፣ ጥላውን ስፊልኝና ይዘሽልኝ ነዪ። ሚካኤል እሑድ ይውላል፤ ስለቴን ላስገባ ነው" አለችኝ። እዚያው ሱቅ ውስጥ እልልታዬን አቀለጥኩት! ሌላ ምን ልጠይቅ? ስለት የሚገባው ሲደርስ ነዋ።

ቀዩን ከፋይ መረጥኩ። በወርቃማ ክርም ዙሪያውን "ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ግርማን በእግሩ ስላቆምክልኝ" ብዬ ጠለፍኩበት። ጻፊ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ከራሴ ነው።

ሐዋሳ ላይ ዓሣ በላን፣ ዲላ አደርን። የዲላ አልጋ ጥሩ ነበር፤ ጥላውን ከግድግዳው በኩል አስተኝቼ እኔ ዳር ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ሞያሌ

ከያቤሎ ወዲያ ምድሩ ቀላ፣ ኩይሳው ከሰው በለጠ፣ ግመሎች መንገዱን እንደ ግቢያቸው ይዘውት ቆሙ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፍቶ ነፍቶ ሲሰለቸው ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቃቸው። አጠገቤ የተቀመጠችው ፋጡማ የምትባል፣ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር የምትነግድ ሴት ነበረች፤ ጨርቃ ጨርቅ ከናይሮቢ ሞያሌ፣ ከሞያሌ አዲስ አበባ ታመላልሳለች። ስለ ጥላው ስትጠይቀኝ ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ አጫወትኳት።

"አልሐምዱሊላህ! እና አሁን ይሄዳል?" አለችኝ።

"ይሮጣል!" አልኩ። እንግዲህ ሰውዬውን ሳላየው ሮጠልኝ። አፌ እንዲህ ነው፤ ልጅ ሆኜም እናቴ በዚህ ስትቆጣኝ ነው ያደግኩት።

ሞያሌ ከቀትር በኋላ ገባን። በኬንያ በኩል ያለው የጉምሩክ መኮንን ጥላውን አየት አድርጎ አንድ ነገር ጠየቀ። ፋጡማ እየሳቀች "ለባሕር ዳርቻ ነው ወይ ይልሻል" አለችኝ። አቡጄዲውን ፈትቼ እዚያው ቢሮው ውስጥ ዘረጋሁለት። ቀዩ ከፋይ፣ ወርቃማው ዘርፍ፣ ትንንሾቹ ቃጭሎች ሲታዩ ከተሰለፉት መካከል ሦስት የማላውቃቸው ሴቶች እልል አሉ። መኮንኑ ቆቡን አውልቆ ሳቀና አሳለፈኝ። ለሦስቱ ሴቶችም ግርማ እንዴት እንደቆመ ነገርኳቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ ያልነገርኩት ሰው የለም ብል ይቀለኛል።

ሐሙስ፣ ወደ ናይሮቢ

የናይሮቢው አውቶቡስ ሦስት ሺህ ሽልንግ ገደማ ነው፤ ጠዋት ጨለማው ሲገፈፍ ወጣን። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ያውም ጥሩ አስፋልት፤ ግን እስከ ማርሳቢት ድረስ ከድንጋይና ከነፋስ በቀር የሚታይ የለም። ማርሳቢት ላይ ሻይ በወተትና ማንዳዚ ገዛሁ፤ ማንዳዚ እንደኛ ቦምቦሊኖ ነው፣ ትንሽ ደረቅ ይላል። ኢሲዮሎን ካለፍን በኋላ አገሩ ድንገት አረንጓዴ ሆነ፤ ናንዩኪ ላይ ብርድ መጣና ጋቢዬን አወጣሁ። የኬንያ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ስለነበር አላየሁትም። ፋጡማም አሥር ዓመት ስትመላለስ ሁለት ጊዜ ብቻ እንዳየችው ነገረችኝ።

ኢስሊ ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። ሩት በስልኳ የጠራችውን ታክሲ አስቁማ ጠበቀችኝ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ረዝማለች።

"አንቲ! ጉዞው እንዴት ነበር? ፖሌ ሳና" አለችኝ፤ ደከመሽ፣ አይዞሽ ማለቷ ነው።

"አባትሽስ? ሊቀበለኝ አልመጣም እንዴ?"

"ቤት ነው" አለችና ወደ ታክሲው መስኮት ዞረች። የናይሮቢን ትራፊክ የምታይ መሰለኝ።

ሳውዝ ሲ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ነው። ጥላውን በደረጃው መዞሪያ ላይ ማሳለፍ ጭንቅ ነበር። አስናቀች በሩ ላይ አቀፈችኝ፤ አልለቅ አለችኝ። እኔ ግን ዓይኔ ግርማን ይፈልግ ነበር። ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ እስከ ወገቡ ለብሶ ተቀምጧል፤ ጢሙ አድጓል።

"አንተ!" አልኩት ጮክ ብዬ፣ ደስታዬ ሞልቶ። "እኔ ሦስት ቀን ተጉዤ መጥቼ አንተ ተቀምጠህ ትቀበለኛለህ? በል ተነስ፣ ቆመህ ሳመኝ!"

ግርማ ብርድ ልብሱን ቀስ ብሎ ገለጠው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፤ ሱሪው ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

ሄጄ ሳምኩት። ሌላ ምን ይደረጋል? ጉንጩን፣ ግንባሩን ሳምኩት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና አስናቀችን ያዝኳት።

"ምን አድርጌሽ ነው?" አልኳት። "አራት ወር ሙሉ! ደህና ነው፣ ደህና ነው!"

"ደም ግፊት አለብሽ፣ እትዬ። በስልክ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? ብትወድቂስ?"

"አሁን ደም ግፊቴ የወረደ መሰለሽ?"

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። በኋላ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት፤ "ታዲያ ጥላው ምንድን ነው? ስለትሽ አልደረሰም እኮ።"

በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች። "አልደረሰም። ሁለት ሳምንት በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ ግን 'እግሩን ውሰድ፣ እሱን ተውልኝ' ብዬ እንደለመንኩ እኔ አውቃለሁ። አሁን እግሩን ካልሰጠኸኝ ጥላውን አልሰጥህም ብዬ ከሚካኤል ጋር ልከራከር? በየማታው ሲያንኮራፋ እሰማዋለሁ፣ እትዬ። ለዚያ ነው።"

"ግርማስ ምን ይላል?"

"ግርማ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ትቷል" አለችኝ። "እንዴት አደርክ ስትዪው፣ አደርኩ ይላል። በቃ።"

ይህ ለሌላ አገር ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። ለእኛ ግን የሰላምታ መልስ ነው፤ በሽተኛም ለቀስተኛም የሚመልሰው ነው። ሰው ይህን ሲተው ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማዋል።

አርብ፣ ሳውዝ ሲ

ጠዋት ሩት ከትምህርት ቤት በፊት ጥላውን ለማየት ቸኮለች። እኔ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። አቡጄዲውን ፈትታ ሳሎን መካከል ዘረጋችው፤ አማርኛ ማንበብ የተማረችው በቤተ ክርስቲያን የሰንበት ክፍል ስለሆነ፣ ማንበብ መቻሏን ለአባቷ ልታሳይ ጣቷን ጽሑፉ ላይ አድርጋ ጮክ ብላ ጀመረች።

"ቅ-ዱስ ሚካ-ኤል ሆይ... ግር-ማን... በእ-ግሩ... ስላ-ቆምክ..."

ፎጣውን እንደያዝኩ ሮጬ ወጣሁ። አልደረስኩም። ሩት መጨረሻውን ስታነብ ምን እንዳነበበች ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

ግርማ ጥላውን አየው። "'በአንድ እግሩ' ብለሽ አስተካክዪዋ፣ እትዬ ዘውዴ" አለኝ። ማንም አልሳቀም። ቀጥሎ ድምፁ ተቀየረ፤ "ውሸት ይዛችሁ ቤተ እግዚአብሔር አትገቡም። ወይ ፍቺው፣ ወይ መልሰሽ ውሰጂው።"

አስናቀች ሥራ ሄደች፣ ሩት ትምህርት ቤት ሄደች፤ እኔና ግርማ ብቻችንን ቀረን። ጥላውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ መነጽሬን ሰክቼ በምላጭ መፍታት ጀመርኩ። ከፋይ ክፉ ጨርቅ ነው፤ መርፌ የገባበትን ሁሉ ያስታውሳል። ክሩ ሲወጣ ቀዳዳው ይቀራል፣ ፀጉሩም ተኝቶ ይቀራል። ያን የመሰለ ጥልፍ! ሦስት ሳምንት ዓይኔን ያጠፋሁበት ነው። በልቤ አስናቀችንም ራሴንም እራገም ነበር፤ አምላክ ይቅር ይበለኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ምላጩ ስቶኝ ከፋዩን ጫር አደረገው።

"አምጪው" አለ ግርማ። "አበላሸሽው እኮ።"

ምላጩን ተቀበለኝ። ስፌቱን አንድ በአንድ ከሥር እየቆረጠ፣ ክሩን እየነቀለ ሠራ። ጥሩ እጅ አለው። አስናቀች በኋላ እንደነገረችኝ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሥራ ሲይዝ የመጀመሪያው ነበር። እሱ ይፈታል፣ እኔ የተኛውን ፀጉር በእርጥብ ጨርቅ አነሳለሁ።

"እትዬ" አለኝ፣ ቀና ሳይል። "ጋሼ ታደሰ ሲሞት ተመስገን ብለሻል?"

ታደሰ ባለቤቴ ነው። ካረፈ ሰባት ዓመቱ።

"በአፌ ብያለሁ" አልኩት። "በልቤ አላልኩም። አንድ ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ አኩርፌ ነበር የምመለሰው።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቼ ምክር የምሰጠው መስሎት ነበር መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ራሱ ማውራት ጀመረ። ጭነቱ ሲንሸራተት እሱ ጎንበስ ብሎ ገመድ ያስር እንደነበር፣ እንዳላየው፣ ሙቱኩ የሚባል ኬንያዊ የሥራ ባልደረባው በሁለት እጁ ትከሻውን ይዞ ወደ ኋላ እንደጎተተው ነገረኝ።

"እሱ ባይጎትተኝ ኖሮ ደረቴ ላይ ነበር የሚያርፈው" አለ። "እግሬ ብቻ ከሥሩ ቀረ።"

"ምን አለህ ታዲያ፣ ስታመሰግነው?"

ምላጩ ቆመ። "አላገኘሁትም" አለ።

"አራት ወር ሙሉ?"

"ስልኬን አጥፍቼ ነው የተቀመጥኩት። ሰው ማየት አልፈልግም።"

እኔ ነገር ውስጤ አይቆይም። "ስማ ግርማ" አልኩት። "እግዚአብሔርን ማመስገን ካቃተህ አቃተህ፤ እሱ ሆደ ሰፊ ነው፣ ይጠብቅሃል። ሙቱኩ ግን እንዳንተ ሰው ነው። ይከፋዋል።"

ወደ ጥላው ተመለሰና "ስላቆምክልኝ" የሚለውን ፈትቶ ጨረሰ። ሻይ ሳቀርብለት ግን "ኢምባካሲ በታክሲ ስንት ይወስዳል አሁን?" አለኝ፤ እኔን፣ ናይሮቢን ትናንት ያየሁትን!

ቅዳሜ፣ ኢምባካሲ

ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አልረሳውም። ክራንቹን ለሩት ሰጣት፤ እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ በእጁ እየተደገፈ፣ አንድ በአንድ በመቀመጫው ወረደ። አንዲት የጎረቤት ሴት ከታች እየወጣች ነበር፤ ጥጓን ይዛ ቆመችና "ፖሌ፣ ፖሌ" አለች። ላቡ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ታች ሲደርስ ሱሪውን አራግፎ ፀሐዩን ቀና ብሎ አየና ዓይኑን ጨፈነ። ከሆስፒታል በቀር ወዴትም ሳይወጣ ነው የከረመው።

ሞምባሳ መንገድ በከባድ መኪና ተጨናንቋል። ከላያችን ከፍ ብሎ የተሠራው የክፍያ መንገድ አለ፤ እኛ ከሥር፣ ከጭሱ ጋር። ታክሲው ሰባት መቶ ሽልንግ ነው የጠየቀው። ኢምባካሲ ስንቃረብ አውሮፕላኖቹ ጣሪያ ለጣሪያ የሚሄዱ እስኪመስሉ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ግርማ መንገዱን በእጁ እያመለከተ፣ በስዋሂሊም ለሹፌሩ እየነገረው፣ ባለብዙ ክፍል የኪራይ ቤቶች የተደረደሩበት ግቢ ደረስን። ልብስ ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቷል።

ሙቱኩ በር ላይ ተቀምጦ ጫማ ይጠርግ ነበር። አጭር፣ ወፍራም፣ ራሱ ላይ ፀጉር የሌለው ሰው ነው። ቀና ሲል ጫማው ከእጁ ወደቀ።

"ጊርማ!" ብሎ ጮኸ፤ እነሱ እንዲህ ነው የሚጠሩት። ከዚያ አከታትሎ ተናገረ። ሩት ቀስ ብላ ተረጎመችልኝ፤ "ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ ሞቷል ብለው ነግረውናል፣ ስልኩም ዝግ ነው፣ እኔ በየቀኑ እደውል ነበር ይላል።"

ግርማ ክራንቹን በብብቱ ይዞ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ሲጨባበጡ ግርማ ደነገጠ፤ የሙቱኩን እጅ ገልብጦ አየው። ትንሿና የቀለበት ጣቱ ቀጥ ብለው ደርቀዋል፤ አይታጠፉም።

"መቼ ነው?" አለው በስዋሂሊ። ይቺ ለእኔም ገባችኝ።

"ያን ቀን" አለ ሙቱኩ። ሲጎትተው እጁ ጭነቱ በታሰረበት ሰንሰለት መካከል ገብቶ ነበር። ቀላል ነገር እንደሆነ፣ በደረቁት ጣቶችም መሥራት መልመዱን፣ አሁን መጥረጊያ መያዝ እንኳ እንደሚችል እየሳቀ ነገረን። ማንኪያ ነው ያስቸገረው።

ግርማ እጁን አልለቀቀም። "አሳንቴ" አለ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ደግሞ "አሳንቴ" አለ። በአራት ወር ውስጥ አስናቀች ሲያለቅስ አላየችውም ነበር፤ እኔና ሩት አየነው። ሙቱኩ በደረቁ ጣቶቹ ጀርባውን መታ መታ እያደረገው ወደ ቤት አስገባው።

ሚስቱ ሳንናገር ድስት ጥዳለች። ኡጋሊና ሱኩማ ዊኪ ቀረበ፤ ኡጋሊ ጠንካራ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ሱኩማው ከጎመናችን ይቀጥናል። ከመብላታችን በፊት ሙቱኩ ቆሞ ጸለየ፤ ጸሎቱ ረዘመ። ሩት ጆሮዬ ውስጥ ትነግረኛለች፤ ዛሬ ውኃ ስለመጣ አመሰገነ። ሴት ልጁ ፈተና ስላለፈች አመሰገነ። እንግዶቹ ባዶ ቤት ስላላገኙ አመሰገነ። የጊርማ አንዱ እግር ስለተረፈ አመሰገነ፤ ስለሌላው እግር ደግሞ "አባት ሆይ፣ ለምን እንደሆነ አንተ ንገረው፣ እኔ አላውቅም" አለ። ግርማ "አሜን" አለ፤ ጮክ ብሎ። ለእኔ ከስብከት ሁሉ ያቺ "አላውቅም" የምትለዋ በለጠችብኝ።

ስንወጣ ግርማ ወደ እኔ ዘወር አለ። "እትዬ፣ ጥላው ላይ ስሜን ጻፊ። ከሱም ስም ጋር።"

"ሙቱኩ ብዬ? ካህናቱ ምን ይሉኛል?"

"የክርስትና ስም ይኖረዋል" አለና ጠየቀው። ጆሴፍ ነው። ዮሴፍ ብዬ መጻፍ እችላለሁ፤ ያ ቀላል ነው።

እሑድ፣ ቅዳሴ

ሌላ ጊዜ ስፌት በፀሐይ ነው የምሠራው፤ የቅዳሜውን ከሰዓት ግን የመስኮቱን ብርሃን ተሻምቼ "ኃይለ ሚካኤል፣ ዮሴፍ" የሚሉትን ሁለት ስሞች ጠለፍኩ። ኃይለ ሚካኤል የግርማ የክርስትና ስም ነው። የድሮው ጽሑፍ ጠባሳ ግን ከስሞቹ ግራና ቀኝ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የሚያውቅ ሰው አስተውሎ ቢያይ ሊያነበው ሁሉ ይችላል። በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ የተበላሸ ነገር አስረክቤ አላውቅም።

የኛ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ከጠዋቱ ጀምሮ ሞልቷል። ነጠላ የለበሰች ሞግዚት፣ ነጋዴ፣ የምግብ ቤት ባለቤት፣ ወረቀቱን የሚጠብቅ ስደተኛ፣ ሁሉም አለ። አንዲቷን ሴት አስናቀች "እንዴት ነሽ?" ስትላት "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትናንት ከሥራ አስወጡኝ" አለቻት፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ግርማ በወንዶች በኩል በክራንቹ ተደግፎ ቆመ። ወንበር ሲያመጡለት ወንጌል እስኪነበብ ቆሞ ቆየና ከዚያ ተቀመጠ።

ከቅዳሴ በኋላ ስለት የሚያስነግረው ዲያቆን ወደ አስናቀች መጣ። "ምን ተደርጎላችሁ ልበል?" አላት። ደንቡ ነው፤ ልጅ ተሰጥቷት፣ ታሞ ተፈውሶ እያለ ለሕዝቡ ይናገራል። አስናቀች ግርማን አየችው። እኔ እምቢ ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ሰው ተርፏል በል" አለ ግርማ። "እግር ተቆርጧል፣ ሰው ተርፏል። ሁለቱንም በል።"

ዲያቆኑ ሁለቱንም አለ። እግር ተቆርጧል ሲል ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሰው ተርፏል ሲል ጥላው ተዘረጋና እልልታው ጣሪያውን ነካ። ያ ሁሉ ቀዳዳ በመስኮት በሚገባው ፀሐይ ይታይ ነበር። ማንም ስለ ስፌቴ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላፈርኩበትም። እንደዚያ ቀን ስሠራ በኖርኩት ሥራ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞና ከዚያ በኋላ

እዚህ ላይ ባቆም ታሪኩ ያምር ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን "ግርማዬ፣ እንዴት አደርክ?" ስለው "አደርኩ" አለኝ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የሌለው እግር ሲያመው አድሯል። ይህ ምን ዓይነት ሕመም ነው እግዚኦ! በሌለ እግር መታመም። አስናቀች ዘይት አሞቀች፣ እኔ የተረፈውን ጉልበት አሸሁለት። ስልኩ ግን ክፍት ነበር፤ አምስት ጊዜ ጮኸ፣ ሁለቱን አነሳ።

ማክሰኞ ስሸኝ በሩ ድረስ በክራንቹ መጣና "በሚቀጥለው ስትመጪ ከመጻፍሽ በፊት ጠይቂ" አለኝ። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ ጥርሱን አየሁት።

በመንገድ የምጽፈው ብዙ የለኝም። ናንዩኪ ላይ ተራራው ከደመና ወጥቶ ለትንሽ ጊዜ ታየ፤ አናቱ ላይ በረዶ አለ። ሞያሌ ላይ፣ ስሄድ ካደርኩበት ሆቴል ሴትዮ ጀምሮ ስለ ግርማ የጠየቁኝን ሁሉ እውነቱን ነገርኳቸው። መንገድ ላይ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር የደከመልንን ሰው ረስተን እናልፋለን። ግርማ በእግሩ ሲያዝን ሙቱኩ በደረቀ ጣት ማንኪያ ይለማመድ ነበር። እኔስ? ብዬ ራሴን ስጠይቅ ዲላ ላይ መልሱ መጣና እንቅልፍ ከለከለኝ።

ሐሙስ፣ ቤቴ

ሰፈር ስደርስ ቀትር ነበር። ሻንጣዬን ቤቴ አላስገባሁም። ከአጥሬ ማዶ ያለውን የአቶ በየነን በር አንኳኳሁ። በየነ አናጢ ነው፤ ሰላምታችን ራስ መነቅነቅ ብቻ ከሆነ ቆይቷል፤ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት። ታደሰ ያን ጠዋት ደረቱን ሲያመው መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር መኪና አይገባም ነበር። በየነ በጀርባው ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ቁልቁለቱን ሮጠ። ታደሰ ሆስፒታል ሲደርስ አረፈ። በየነ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ፤ እኔ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ስላልዳነልኝ የሚመሰገን ነገር ያለ አልመሰለኝም።

"እትዬ ዘውዴ! ምን ሆነሽ ነው?" አለ፣ ሻንጣዬን አይቶ።

"ታደሰን በጀርባህ ስለተሸከምክልኝ ላመሰግንህ ነው የመጣሁት" አልኩት። "ሰባት ዓመት ዘገየሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በየነ።"

የያዘውን መጋዝ አስቀመጠ። በረንዳው ላይ የነበረችውን ዱካ በክንዱ ጠርጎ አስቀመጠኝ፤ እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ታደሰም እሱን ነበር ያለኝ" አለ። "ቁልቁለቱ መካከል ላይ። ጆሮዬ ሥር ነበር አፉ። 'ከበድኩህ አይደል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ' አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ልነግርሽ ስንት ጊዜ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ። ፊትሽ እሺ አይለኝም ነበር።"